ፋኑን የነቀልኩ ዕለት

ሥራ የጀመርኩት ላሊበላ ውስጥ፣ ከቅዳሜ ገበያው በላይ ባለች አንዲት ፎቶ ቤት ነው። ወልዲያ የኮምፒውተር ጥገና ተምሬ የጨረስኩት በዚያው ዓመት ነበር። የቤቱ ባለቤት ጋሽ ሙሉጌታ በፊልም ካሜራ ጀምረው፣ ፊልም ሲቀር ዲጂታል ካሜራና ኮምፒውተር የገዙ አንጋፋ ፎቶ አንሺ ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ከኮምፒውተሩ ፊት አቆሙኝና፣

«ይኼን ትፈታዋለህ?» አሉኝ።

«እፈታዋለሁ።»

«መግጠምስ?»

«መግጠሙማ ከመፍታቱም ይቀላል።»

ሳቁ። ከዚያ ብሩሽ ሰጡኝና አቧራ መጥረግ ጀመርኩ። በኛ አገር በበጋ የሚነሳው አቧራ ደቃቅ ነው፤ በር ቢዘጋም ይገባል። ቴክኒሻን ተብዬ ብቀጠርም የመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራዬ በአብዛኛው እሱ ነበር። አቧራ እጠርጋለሁ፣ ቀለም እሞላለሁ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማሽኑን አስነሳለሁ።

ጋሽ ሙሉጌታ ያነሱትን ፎቶ አያጠፉም። የጉርድ ፎቶም ይሁን የሠርግ፣ በየዓመቱ ለይተው ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስቀምጡታል። ለደንበኛ፣ «እኛ ዘንድ የተነሳ ሰው አይጠፋም» ማለት ይወዱ ነበር። በከተማው ስማቸው የቆመው በዚህ ነው።

ታኅሣሥ ላይ ኮምፒውተሩ እየሠራ በድንገት መጥፋት አመጣ። ምክንያቱን አውቄዋለሁ። ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የማሽኑ አንጎል፣ ከላዩ ብረትና ፋን የሚሉት ማራገቢያ ተጭኖበት ነው የሚቀዘቅዘው። በብረቱና በፕሮሰሰሩ መካከል ሙቀት የሚያስተላልፍ ፔስት ይቀባል። የኛው ደርቆ ነበር። ለጋሽ ሙሉጌታ ስነግራቸው፣ «ገና ይለፍና ትፈታዋለህ፤ አሁን ሥራ ነው» አሉኝ።

ገና ሳይደርስ አንድ ረፋድ ላይ አንዲት እናት ገቡ። ጥቁር ለብሰዋል፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ወይዘሮ የሺ ይባላሉ፤ ከይምርሐነ ክርስቶስ በኩል በእግራቸው ነው የመጡት።

«ልጄ አምና ለገና እዚህ ፎቶ ተነስቶ ነበር» አሉ። «ምስጋናው ይባላል። ኮምቦልቻ ሕንፃ ሲሠራ ከላይ ወድቆ ነው የሞተ። ያቺን አንድ ፎቶውን ይዟት ሄዶ ነበር፤ ከልብሱ ጋር አልመጣችም። ሌላ የለኝም። ለተዝካሩ መልኩን ላቆምለት ብዬ ነው።»

ጋሽ ሙሉጌታ ብድግ ብለው ወንበር ሰጧቸው። «ነፍስ ይማር። እዚህ ከተነሳማ አለ፣ እናቴ። ይቀመጡ።»

የአምናውን የገና ፎቶ ከፍተው አንድ በአንድ ያሳዩአቸው ጀመር። ነጭ የለበሰ ሰው ሁሉ አለፈ። ካህናት አለፉ፣ ሙሽሮች አለፉ። በመጨረሻ አንድ አንገቱን ትንሽ ዘንበል ያደረገ፣ ጋቢ የለበሰ ወጣት መጣ። ወይዘሮ የሺ ተነሱ። እጃቸውን ዘርግተው ጉንጩን ሊነኩት ሲሉ ስክሪኑ ጨለመ።

«ወዴት ሄደ?» አሉ።

ጋሽ ሙሉጌታ መልሰው አበሩት። ገና ሳይከፈት ጠፋ። በዚሁ መሐል ከአንድ ሆቴል እንግዶችን ፎቶ እንዲያነሱ መኪና መጣባቸው። ካሜራቸውን እያነሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«ዳምጤ፣ እስኪበርድ እንጠብቀው ወይስ የምታደርገው ነገር አለ?»

«አስተካክለዋለሁ። እስኪመለሱ ፎቶው ታትሞ ይጠብቅዎታል።»

ጥቂት ቢያርፍ አንድ ፎቶ ለማተም ይበቃ ነበር። ይህን ያኔም አውቃለሁ። ግን እኚያ እናት እያዩኝ መሥራት ፈለግኩ። ልጃቸውን ከጨለማ የማወጣላቸው እኔ ልሆን ፈለግኩ።

ገመዱን ነቅዬ የጎኑን ክዳን ፈታሁ። ፋኑን ወጥረው የያዙትን ማንሻዎች ለቀቅኩ። የደረቀ ፔስት እንደ ሙጫ ስለሚይዝ፣ ፋኑን ከነብረቱ በቀስታ ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ማላቀቅ እንጂ መሳብ አይገባም። ትምህርት ቤት በደንብ ተነግሮኛል። እኔ ቀጥ አድርጌ ሳብኩት። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ፕሮሰሰሩ ከተቆለፈበት ተነቅሎ ብረቱ ላይ እንደተጣበቀ መጣ።

ከሆዱ ሥር እንደ ጸጉር የቀጠኑ ብዙ እግሮች አሉት። እያንዳንዱ በየቀዳዳው ነው የሚገባው። በብርሃን አገላብጦ ማየት ነበረብኝ። እኔ ግን ወይዘሮ የሺ እንዳይጠረጥሩ ቸኮልኩ። ከብረቱ ሳላቅቀው የብረቱ ጠርዝ ጣቴን ቆረጠኝ። ደሙን በሱሪዬ ጠረግኩ፣ አዲስ ፔስት ቀባሁ፣ ፕሮሰሰሩን መልሼ ቦታው ላይ አስቀመጥኩ። አልገባም ሲለኝ ጫን አልኩት። ፋኑን ከላዩ ቆለፍኩና አበራሁ።

ፋኑ ዞረ። ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ሲነሳ የሚያሰማው ጢጥ የሚል ድምፅም የለም።

የስክሪኑን ገመድ ነቅዬ ሰካሁ። ራሙን፣ ማለትም የማስታወሻ ካርዱን፣ አውጥቼ ጫፉን በላጲስ ጠርጌ መለስኩ። የማዘርቦርዱን ባትሪ አወጣሁ፣ መለስኩ። የፓወር ሰፕላዩን ገመዶች ሁሉ ነካካሁ። የማሽኑን ሆድ ዕቃ በሙሉ ስበረብር አንድ ቦታ ብቻ እዘል ነበር፤ ያበላሸሁትን ቦታ። እዚያ ያለውን ማየት ፈራሁ።

«አሁን ይመጣል፣ ልጄ?» አሉ ወይዘሮ የሺ።

«ይመጣል፣ እማማ።»

ደጋግመው አልጠየቁኝም። ያንን ጥቁር ስክሪን ትክ ብለው ያያሉ። እሱ ከጥያቄያቸው ባሰብኝ። በኋላ ዓይኔ ሞላ፤ ጎንበስ ብዬ ልደብቅ ስል እንባዬ ጠብ አለ። አዩኝ። ከወንበራቸው ተነስተው አጠገቤ መጡ።

«አንተም ታውቀው ነበር?» አሉኝ።

«አላውቀውም።»

«ለማታውቀው ሰው ታለቅሳለህ? የእመቤቴ ልጅ ይባርክህ፤ እንዳንተ ያለውን ያብዛልኝ።» ራሴን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሬን ሳሙኝ።

እንደዚያ ሰዓት አፍሬ አላውቅም። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

«እማማ፣ ለእሱ አይደለም» አልኩ። «ማሽኑን ስፈታ አበላሽቼው ነው። ፎቶውም እዚህ ውስጥ ነው ያለው።»

እጃቸውን ከራሴ ላይ አነሱ። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ።

«እንግዲያማ ሁለተኛ ጠፋ በለኛ» አሉ፤ ሄደውም ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ወደ እኔ አላዩም።

ጋሽ ሙሉጌታ ሲመለሱ በሩ ላይ ሆኜ የሆነውን ነገርኳቸው። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። አልተሰደብኩም። ካሜራቸውን አስቀምጠው በወይዘሮ የሺ ፊት ቆሙ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እናቴ። ጥፋቱ የቤቴ ነው። ለደንበኛ የምለውን ማክበር አቃተኝ።»

ሽበታም ሰው ናቸው። በከተማው ማንም በክፉ አንስቷቸው አያውቅም። እኔ ላበላሸሁት እሳቸው አንገታቸውን ሲደፉ ቆሜ አየሁ።

ወደ እኔ ዞረው፣ «ለመሆኑ ፎቶው ያለው እዚያው ባበላሸኸው ዕቃ ላይ ነው?» አሉኝ።

«አይ፣ እሱማ ሃርድ ዲስኩ ላይ ነው» አልኩ።

የተናገርኩት ለራሴም ገና ያኔ ገባኝ። ፎቶ ሁሉ የሚቀመጥበት ሃርድ ዲስኩ ደህና ነው። አልነካሁትም። ፈትቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መግጠም ብቻ ነው። የተማርኩት ሥራ ነው፤ ድንጋጤዬ ከልክሎኝ እስኪጠይቁኝ ድረስ አላሰብኩትም ነበር።

ከመንገዱ ማዶ ወረድ ብሎ የጽሕፈት ሥራ የሚሠሩ እትዬ አስካለ የሚባሉ ሴት ኮምፒውተር ነበራቸው። የፎቶ ማተሚያው ግን ያለው እኛ ጋ ነው። ጋሽ ሙሉጌታ ላግዝዎት ብላቸውም እንቢ አሉኝ፤ «አንተ ዲስኩን ብቻ ያዝ፤ እንዳትጥለው» ብለው ማተሚያውን ትከሻቸው ላይ አወጡት። ወይዘሮ የሺ ገመዱን ያዙላቸው። እኔ ዲስኩን በሌንስ መጥረጊያ ጨርቅ ጠቅልዬ ከኋላ ተከተልኩ። መንገድ ላይ የሚያገኘን ሁሉ፣ «ጋሼ፣ ቤት ለቀቁ እንዴ?» ይላል። «ሥራ ነው» ብለው ያልፋሉ። ለእትዬ አስካለም ያሉት «የኛው እንቢ ብሎን ነው» ብቻ ነው። ስሜን አላነሱም።

የእትዬ አስካለን ማሽን ስከፍት አንዱን ብሎን ሁለቴ ጣልኩት። «ልጁ ያውቃል ግን?» አሉ እትዬ አስካለ። ጋሽ ሙሉጌታ፣ «ያውቃል» አሉ። ዲስኩን ሁለተኛ ዲስክ አድርጌ ገጠምኩት። ማሽኑ ተነሳ። የአምናው ገና ተከፈተ። ያ አንገቱን ዘንበል ያደረገ ልጅ እንደገና መጣ።

ፎቶው ታትሞ ሲወጣ ወይዘሮ የሺ በነጠላቸው ጫፍ ተቀበሉት። ረጅም ጊዜ አዩት። ፊቱን አልሳሙትም፤ ቀለሙ እንዳይለቅ ፈርተው ነው መሰለኝ። ጋሽ ሙሉጌታን መረቁ። እትዬ አስካለን መረቁ። ሊወጡ ሲሉ እኔ ዘንድ ቆም አሉ፤ እንደገና የሚመርቁኝ መስሎኝ ነበር።

«እጅህን ታጠበው፤ ቁስሉ አቧራ ገብቶበታል» ብለው ወጡ።

በማግስቱ ፋኑን እንደገና ፈታሁ፤ በሥርዓቱ። ጋሽ ሙሉጌታ ፊልም ያዩበት በነበረው አጉሊ መነጽር ፕሮሰሰሩን ስመለከት አንዱ ጥግ ላይ ያሉ እግሮች ተጋድመው አገኘኋቸው። ከልብስ ሰፊ መርፌ ተውሼ አንድ በአንድ አቃናሁ። አልተሰበሩም። ቦታው ላይ ሳስቀምጠው ሳልጫነው በራሱ ክብደት ገባ። ኮምፒውተሩ ጢጥ ብሎ ተነሳ። ደስ አላለኝም። ጋሽ ሙሉጌታም «ጎበዝ» አላሉኝም፤ «ገናን ያድርሰን» ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ።

አላባረሩኝም። ብዙ ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ፤ ኋላም የራሴን የጥገና ቤት ከፈትኩ። ወይዘሮ የሺ ለበዓል ወደ ከተማ ሲወርዱ በበራችን ያልፉ ነበር። ጋሽ ሙሉጌታን ሰላም ይላሉ፤ እኔንም ደህና ነህ ይሉኛል። እኔ ግን የወደቀ ብሎን እንደሚፈልግ ሰው ጠረጴዛ ሥር እገባለሁ። ከእኔ ጋር የሚሠሩ ልጆች ይህን ጠባዬን እስከ ዛሬ ያውቁታል፤ ደንበኛ ሲያመሰግነኝ ዓይኑን አላይም።

ለነሱ የምላቸው ይኼ ነው። ኮምፒውተር አልነሳ ሲል ከሁሉ በፊት ሃርድ ዲስኩን አውጥታችሁ አስቀምጡ፤ ባለቤቱ የሚፈልገው እሱን ነው። ከዚያ መጨረሻ የነካችሁትን ቦታ ፍቱ እንጂ ሌላውን አታተራምሱ። ፔስቱ የደረቀ ፋን አይሳብም፤ ማሽኑን ጥቂት አሙቃችሁ በቀስታ እያወዛወዛችሁ አላቁት። ፕሮሰሰር አይጫንም፤ አልገባም ካለ እግሩ ታሟል ማለት ነው። ያበላሻችሁት እንደሆነም ባለቤቱ ሳይጠይቃችሁ ንገሩት።