ነጭ የሚነካ እጅ

በዚያ የኅዳር ቀን ደረቅ ነፋስ የፒያሳን አቧራ ያነሳ ነበር። ጥልፍ ሠሪዋ ሴትዮ ነጠላቸውን አገልድመው፣ በረንዳቸው ላይ የሙሽራ ቀሚስ ይጠልፋሉ። ክሩ የተሰነጣጠቀው ጣታቸው ላይ እየተያዘ ያስቸግራቸዋል፤ ጣታቸው ከደማ ደግሞ ነጩ ቀሚስ አለቀለት።

ቀሚሷን ለመውሰድ አጠገባቸው ተቀምጣ የምትጠብቀው ሙሽራ ቫዝሊን አቀበለቻቸው። «እማማ፣ ትንሽ ይቀቡ እንጂ፤ ያሳዝናሉ እኮ!»

«ቅባት ነጭ ልብስ ያበላሻል። ይልቅ ለሚያገባሽ ልጅ እዘኚለት!»

ክሩ እንዳይዘው ሻካራውን ጣታቸውን በክብሪት ቀፎ ጎን ፈግፈግ አድርገው ቀጠሉ። የመጨረሻውን ክር በጥርሳቸው በጥሰው ቀሚሱን ዘረጉት፤ አንዲት የደም ጠብታ የለበትም። ያን ጊዜ ቀና ብለው ሁለት እጃቸውን እንደ እመቤት ሰጧት።

«በይ፣ አሁን ቀቢኝ።»

ዛሬ ከፒያሳ ለቀው አምስት ኪሎ ነው የሚጠልፉት፤ ሙሽሮች እዚያ ድረስ ይሄዱላቸዋል።