ጋሽ ይመርና ግማሹ ድልድይ

ይህ የገጠመኝ ጦርነቱ ወደ ከተማችን ወደ ሐይቅ በተጠጋበት ዓመት፣ የመኸሩ እህል ሊታጨድ ጥቂት ሲቀረው ነው። ያን ጊዜ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አይቻለሁ። ሰው «ከጦርነቱ ምን ትዝ ይልሻል?» ብሎ ሲጠይቀኝ ግን ቀድመው ዓይኔ ላይ ድቅን የሚሉት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ጋሽ ይመር ይባላሉ።

ከጋሽ ይመር ጋር የተዋወቅነው በሥራ ነው። በከተማችን መሃል ያለው ድልድይ አርጅቶ ነበር። ከደሴ ወልድያ የሚመላለሰው መኪና ሁሉ የሚያልፈው በእሱ ላይ ነው፤ ተሳቢው፣ አውቶቡሱ፣ ባጃጁ፣ በገበያ ቀን ደግሞ አህያውና በጉ ሳይቀር። ጎኑ ተሰንጥቆ፣ ብረቱ በዝገት ተበልቶ፣ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር በአጠገቡ ያሉት ሱቆች መስኮት ይንቀጠቀጥ ነበር። ለውጥ መጣ ከተባለ ጥቂት ቆይቶ ፈርሶ እንደ አዲስ ሊሠራ ተወሰነ። መንገዱን ጨርሶ መዝጋት ስለማይቻል ግማሹን አፈረሱት፤ ግማሹን ከሥር በግንድ ደግፈው ለመኪና ተዉት። በዚያ በቀረው ግማሽ ላይ ታዲያ በአንድ ጊዜ የሚታለፈው ከአንድ ወገን ብቻ ነው።

የኔና የጋሽ ይመር ሥራ ይኸው ነበር። እኔ በውጫሌ በኩል፣ እሳቸው በደሴ በኩል ቆመን ቀይና አረንጓዴ ጨርቅ እያውለበለብን መኪና እናሳልፋለን። መሃል ላይ የአሸዋና የፌሮ ክምር ስላለ አንተያይም። ስለዚህ እኔ ለመጨረሻው ሾፌር ነጭ ቀለም የተቀባ ዱላ አስይዘዋለሁ። ሾፌሩ ማዶ ሲደርስ ዱላውን ለጋሽ ይመር ይሰጣል። ያን ጊዜ እሳቸው የኔ ወገን ማለቁን ያውቁና የራሳቸውን ይለቃሉ። አንድ ቀን የሚኒባስ ሾፌር ረስቶ ዱላውን ይዞት ሄደ። እኔ ወዲህ፣ እሳቸው ወዲያ፣ ሁለታችንም ቀይ ጨርቃችንን ዘርግተን ተገተርን። መኪናው በሁለቱም በኩል ዓይን እስከሚያይ ተሰለፈ። ቢቸግረኝ እየሮጥኩ ሄድኩ።

«ዱላዬን የት አደረስሽው?» አሉኝ።

«ደሴ ሳይገባ አይቀርም ጋሼ።»

«በሰላም ይግባ እንግዲህ» አሉና ከአጥር እንጨት ሰብረው ሌላ አመጡ።

እንዲህ ሲሆን እንስቃለን እንጂ ብዙውን ጊዜ አንስማማም ነበር። ጋሽ ይመር ከአምባሰል ተራራ ግርጌ የመጡ ገበሬ ናቸው። ሰው ሰላም ሳይሉ ማሳለፍ አይሆንላቸውም። ጨርቃቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው በየጋቢናው መስኮት እየሄዱ «እንዴት ዋላችሁ? አገሩ ሰላም ነው? ልጆቻችሁ ደህና ናቸው? ከብቱስ?» ይላሉ። እሳቸው የከብት ጤና ሲጠይቁ በኔ በኩል የቆመው ሾፌር ሁሉ ክላክሱን እኔ ላይ ይለቀዋል።

«ጋሼ፣ መንገድ እኮ ነው! ለቅሶ ቤት አደረጉት!» እላቸው ነበር።

«ታዲያ ሰው እንደ ጎርፍ ዝም ብሎ ይለፍ?» ይሉኛል። አይቆጡም። እኔ ግን እቆጣ ነበር፤ አንዳንዴ ለሽማግሌ በማይገባ ቃል።

ያን ዕለት ጠዋት ፎርማኑ ማሽኖቹን አስጭኖ መጣና ሰበሰበን። «ሥራው ቆሟል። ሁላችሁም ወደየቤተሰባችሁ ሂዱ» አለ። መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ አንገቱን በመስኮት አወጣና፣ «ትርንጎ፣ ያ ግማሽ ድልድይ የተጫነ ተሳቢ አይችልም። ድጋፉ ላልቷል። ለሰው ንገሪ» ብሎኝ ሄደ።

እናቴና ወንድሜ ከሁለት ቀን በፊት ደሴ አክስቴ ጋ ሄደው ነበር። እኔም ልከተላቸው የሥራ ሰደርያዬን አወለቅሁ። ጋሽ ይመርን ልሰናበት ብዬ ስሻገር ግን ጨርቃቸውን ይዘው ቦታቸው ላይ ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ሥራው ቆሟል እኮ። አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ያደርጋሉ?»

በአገጫቸው ወደ መንገዱ አመለከቱኝ። «መኪናው አልቆመማ!»

እውነታቸውን ነበር። ከወልድያና ከመርሳ በኩል ሕዝቡ በተገኘው ነገር ሁሉ እየመጣ ነው። በሚኒባስ፣ በባጃጅ፣ በትራክተር፣ በእግር። ከደሴ በኩል ደግሞ አምቡላንስ አለ፤ ቤተሰቡን ሊያወጣ የሚገሰግስ ሰው አለ። ሁለቱ ግማሹ ድልድይ ላይ ፊት ለፊት ቢገናኙ ማንም ወደኋላ መመለስ አይችልም፤ ከኋላው ሌላው ይዘጋበታል። ሰደርያዬን መልሼ ለበስኩና ወደ ቦታዬ ሄድኩ። ደፋር ሆኜ አይደለም። እሳቸውን ብቻቸውን ጥዬ መሄድ አሳፍሮኝ ነው።

እስከ ቀትር ድረስ ዱላው ሲመላለስ ዋለ። ሰው በጭንቅ ውስጥ ሆኖም ቀይ ጨርቅ ሲያይ ይቆም ነበር። ከቀትር በኋላ ግን አንድ ተሳቢ መጣ። ከፊትም ከኋላም እህል ጭኗል። በጆንያው ላይ ሰው እንደ ንብ ሰፍሯል፤ እናቶች፣ ሕፃናት፣ ፍራሽ፣ ዶሮ የታቀፈች ልጅ ሳትቀር። ቀዩን ዘረጋሁ።

«ይህ ድልድይ አይችልህም! ሰው ይውረድ፣ ተሳቢው ይፈታ!» ብዬ ጮህኩ።

ሾፌሩ አንገቱን አወጣ። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። «አንቺ ማነሽ? ጨርቅሽን ይዘሽ ዞር በይ!»

«አይችልህም አልኩህ!»

ከላይ ያለው ሰው ይጮህብኝ ጀመር። ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ ክላክሱን አቀለጠው። ሾፌሩ መኪናውን ቀስ እያደረገ ወደኔ ነዳው። ቆሜ ቀረሁ። የመኪናው ሙቀት ፊቴን ሲመታኝ፣ ብረቱ ሰደርያዬን ሲነካ ይታወቀኛል።  ብሸሽ ያ ሁሉ ሕፃን ወንዝ ውስጥ ሊገባ ነው። ባልሸሽ ደግሞ እኔ ጎማ ሥር ልገባ ነው።

በዚህ መሃል ጋሽ ይመር በድልድዩ ላይ ሲመጡ አየኋቸው። የሰማይ ምድር ጩኸት ሲሰሙ ጨርቃቸውን መንገዱ መሃል በድንጋይ ተክለው መጥተዋል። እኔን አላዩኝም። በቀጥታ ወደ ጋቢናው ሄዱና አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አሳርፈው፣ እንደ ወትሯቸው፣

«እንዴት ዋልህ ልጄ? ከወዴት ነው የመጣችሁት?» አሉት።

ሾፌሩ ግራ ገብቶት ፍሬን ያዘ።

«አገሩ እንዴት ነው? ልጆችህ ደህና ናቸው?»

ይህን ሲሉት ያ ቁጡ ሰው ፊቱ ተለዋወጠ። መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ሞተሩን አጠፋው።

«የት እንዳሉ አላውቅም አባቴ» አለ። «እኔ ጭነት ላይ ሳለሁ ሚስቴ ይዛቸው ወጥታለች። ስልክ የለም። ከፊት ይሁኑ ከኋላ አላውቅም።»

ጋሽ ይመር ትከሻውን ያዙት። «አብሽር። ያረቢ ያገናኝሃል። ግን ልጆችህ ጋ የሚደርሰው በሕይወት ያለ ሰው ነው። ይህ ድልድይ ታሟል፤ እኔ በየቀኑ ሲያቃስት እሰማዋለሁ። ሰዉን እናውርደውና በእግሩ ይሻገር። ተሳቢውን ፍታው። አንተ ባዶህን ቀስ ብለህ ታልፋለህ። ማዶ መልሰህ ትጭናቸዋለህ።»

«እህሉ የሰው ነው» አለ ሾፌሩ።

«የሰው ነው፤ እነሱም ሰው ናቸው» አሉት ወደ ላይ እያዩ።

ሾፌሩ ወረደ። ሰዉ ሁሉ ወረደ። ቅድም ሲሰድበኝ የነበረ ወጣት አንዲት አሮጊት አቅፎ ሲያወርድ፣ «ይቅርታ እህቴ፣ ፈርቼ ነው» አለኝ። ተሳቢውን ፈተው መንገድ ዳር ተዉት፤ ከፊተኛው መኪና ላይ ያለውንም ጆንያ ተጋግዘው አወረዱ። ጭነቱን ተረክቦ ጓሮው ያስገባው አጠገባችን ያለ ባለሱቅ ነው። እሱም ሊሸሽ ዕቃውን ጠቅልሎ ነበር፤ ጆንያዎቹን በሸራ ሳይሸፍን አልሄደም። እኔ አሮጊቷን አዝዬ ተሻገርኩ። ጀርባዬ ላይ ሆነው ከግሸን ማርያም እስከ ሐይቅ እስጢፋኖስ ያለውን ሁሉ ይጠሩ ነበር፤ ከጎናችን አንዲት እናት «ያ አላህ፣ ያ አላህ» ይላሉ።

ሁላችንም ማዶ ሆነን አየነው። ሾፌሩ በሩን ከፍቶ፣ አንድ እግሩን ወደ ውጭ አድርጎ፣ እንደ ኤሊ መጣ። መሃል ሲደርስ ከሥር አንድ ግንድ ጧ ብሎ ተሰበረ። ድንጋይ ውሃው ውስጥ ሲወድቅ ሰማን።  ከዚያ የፊት ጎማው አስፋልት ረገጠ፤ የኋላውም ተከተለ። እልል ያለ ሰው አልነበረም። ሁሉም በየእምነቱ አንገቱን ደፍቶ አመሰገነ፣ ከዚያ ተሳፈረ። ባዶውን ሆኖ ግንድ የሰበረውን መኪና እንደመጣው ከነጭነቱ ብንለቀው ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ለብዙ ጊዜ ሳስበው ይዘገንነኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቀላል መኪና ብቻ፣ አንድ በአንድ አሳለፍን። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ዱላው ዘገየብኝ። ሮጬ ሄጄ ባይ ጋሽ ይመር አንድ መስኮት ላይ ተደግፈው የሰው ጤና እየጠየቁ ነው። ደክሞኛል፣ ርቦኛል፣ ፈርቻለሁ። «ኧረ ዛሬ እንኳ ሰላምታው ይቅር! ሰው ያስጨርሳሉ!» ብዬ ጮህኩባቸው።

ዘወር ብለው አዩኝ።  በሩን ከፈቱና «ይህችን ልጅ ደሴ አድርሱልኝ» ብለው ክንዴን ይዘው ወደ ውስጥ ገፉኝ። ለካ ቦታ እየለመኑልኝ ነበር።

«አንቱስ?»

«ቤቴም ከብቴም እዚህ ነው። ሂጂ አንቺ!»

መኪናው ተነሳ። ደህና ይሁኑ እንኳ አላልኳቸውም። ያ ቁጣዬ ይቅርታ ሳልጠይቅበት ቀረ።

ከደሴ እናቴንና ወንድሜን ይዤ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ደብረ ብርሃን ደረስን። ትምህርት ቤት ውስጥ ከሌሎች ተፈናቃዮች ጋር ተጠለልን። ወደ ሐይቅ ስልክ አይሠራም። ከዚያ የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር «ድልድዩ ጋ የሚቆሙ ሽማግሌ አይተሃል?» እላለሁ። ያየ የለም። ማታ ማታ እናቴ ሳለቅስ ስታየኝ ለቤታችን የማለቅስ ይመስላት ነበር።

አንድ ቀን ውሃ ልቀዳ ተሰልፌ ሳለሁ ከኋላዬ «ባለ ቀይ ጨርቋ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ብል ሾፌሩ ነው። እንድሪስ እንደሚባል ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ሮጦ ሄዶ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ መጣ። ያገኛቸው እዚያው ደብረ ብርሃን፣ ብርድ ልብስ ሲታደል ነው። ልጆቹን አንድ በአንድ አሳመኝና፣ «ሽማግሌውስ?» አለኝ። ያየ ሰው እንዳላገኘሁ ነገርኩት። «መንገዱ ሲከፈት እኔ ነኝ የምወስድሽ፤ አብረን እንፈልጋቸዋለን» አለኝ።

ቃሉን ጠበቀ። መንገዱ በተከፈተ ሰሞን ቤተሰቡንም ቤተሰቤንም በዚያው መኪና ጭኖ ወደ ሐይቅ መለሰን። ከተማው መሃል ስንደርስ አንገቴን አስግጌ አየሁ። ግማሹ ድልድይ የለም። ወድቋል። መኪናው በወንዙ ውስጥ፣ በተደለደለ ድንጋይ ላይ በየተራ ይሻገራል። ወደ ወንዙ መውረጃ ላይ፣ ጋቢ የደረበ ሰው ቀይ ጨርቅ ይዞ ቆሟል።

እንድሪስ መኪናውን አቆመ። ጋሽ ይመር ከስተዋል፤ ጢማቸው ነጭ ሆኗል። ወደ መስኮቱ መጡና ሾፌሩን ሳያውቁት፣ «እንዴት ዋልህ ልጄ? ልጆችህ ደህና ናቸው?» አሉት።

እንድሪስ መስኮቱን እስከ ታች አወረደው። ትንሿን ልጁን ከጭኑ ላይ አንስቶ በመስኮቱ አሳቀፋቸው።

እኔ በወዲያኛው በር ዘልዬ ወርጄ አንገታቸው ላይ ተጠመጠምኩ። «ማን ቀጠረዎት?» አልኳቸው እያለቀስኩ። የሚባል ነገር ጠፍቶብኝ ነው።

«ማንም። ተቀምጬ ከምውል ብዬ ነው» አሉኝ።

ድልድዩ ከዚያ በኋላ ተሠርቶ አለቀ። ሠራተኞቹ ተመልሰው መጡ፤ አርማታው ተሞላ፤ ሰፊ ሆነ፤ የእግረኛ መሄጃም ወጣለት። በተመረቀበት ቀን እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ጋሽ ይመር «ነይ እንሻገር» አሉኝ። ያን ያህል ጊዜ በአንድ ድልድይ ላይ ስንሠራ ጎን ለጎን ተሻግረን አናውቅም። መሃል ስንደርስ ከደሴ አንድ አውቶቡስ፣ ከውጫሌ አንድ የጭነት መኪና መጡና ሳይቆሙ ተላለፉ። ጋሽ ይመር ቆመው አዩ። «ሱብሃን አላህ! ማንም ማንንም ሳይጠብቅ» አሉ።

እዚያው ላይ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ለዚያ ምሽት ቁጣዬ፣ ከዚያም በፊት ለነበሩት ሁሉ።

ሳቁብኝ። «አንቺ ባትቆጪኝማ ኖሮ ቆሜ እተኛ ነበር» አሉ።

አሁን እሳቸው ወደ እርሻቸው ተመልሰዋል። እኔ በሌላ የመንገድ ሥራ ላይ ነኝ። ለአረፋ እኔ እሳቸው ጋ እሄዳለሁ፤ ለፋሲካ እሳቸው ከልጆቻቸው ጋር እኛ ቤት ይመጣሉ። ያን ቀን ሳስበው ፍርሃቱ ለቆኛል። የቀረኝ የእሳቸው ናፍቆት ብቻ ነው፤ ሳላያቸው ከሰነበትኩ እሱም ይጠናብኝና ቅዳሜን ጠብቄ አምባሰል እወጣለሁ።