ያልጠቆረው የጭስ ማውጫ ጠራጊ

ኦትማር ሉዴከ በዕድሜው የወደደው ሰው ጥቂት ነው፤ የጠላው ግን ብዙ። ከሁሉ አብልጦ የሚጠላው ደግሞ ቤቱን ሊመረምር የሚመጣን ሰው ነበር። በሃርዝ ተራሮች ሥር ባለችው መንደሩ እንጨት ሲሰነጥቅ ኖሮ ጡረታ ወጣ። አባቱ በሠራው ቤት፣ አባቱ ባቆመው ምድጃ እየሞቀ፣ «በቤቴ ከእኔ በላይ ሕግ የለም» ማለትን እንደ መርሕ ይዞት ነበር። መርሕ ግን አልነበረም፤ እልኽ ነበር። እልኽን በመርሕ ስም መጥራት በዚያ አገር ከኦትማር የጀመረ ነውር አይደለም።

በመከር ወራት ሮስቪታ ሃገዶርን መጣች። የሙያውን የመጨረሻ የብቃት ፈተና አልፋ፣ ወረዳው የሾማት የጭስ ማውጫ ጠራጊና መርማሪ ናት። ጥቁር የሥራ ልብሷ እስከ ጉልበቷ በጥላሸት ተለውሷል፤ ሲያዩዋት የምታስፈራ እንጂ የምታምር አይደለችም። መብራቷን ወደ ጭስ ማውጫው ውስጥ አበራች፣ ጡቡን በመዶሻ መታ መታ አደረገች፤ ከዚያም የምድጃውን በር በማኅተም ዘጋችው።

«ጡቡ ተሰንጥቋል። እስኪጠገን ድረስ እሳት አይገባበትም።»

«አንቺ ማን ነሽና ነው የአባቴን ምድጃ የምትዘጊው?»

«አባትዎ በነበሩ ጊዜ አልተሰነጠቀም ነበር፣ አቶ ኦትማር።»

«ጠራጊ ሲባል ደጅ ሲረግጥ ዕድል ይዞ የሚገባ ነው! አንቺ ግን በመጣሽ ቁጥር መዓት ነው የምታወርጂብኝ።»

«እኔ የምይዘው ብሩሽና መለኪያ ነው። ዕድል ካማረዎት ሎተሪ ይቁረጡ።»

በዚያ አገር ሰው ጠራጊ ሲያገኝ ዕድል እንዲቀናው የኮቱን ወርቃማ ቁልፍ ይዳስሳል፤ በአዲስ ዓመትና በሠርግ ቀን ደግሞ ሳይዳስስ የሚያልፍ የለም። ልማዱ በራሱ ጉዳት የለውም። ጉዳቱ የመጣው ሕዝቡ ቁልፉን እንደ ምስክር ወረቀት መቁጠር የጀመረ ዕለት ነው። በዚህ ስሕተት እንጀራውን የሚበላ ሰው ደግሞ ነበር፤ ስሙ ዴትሌፍ ክቫስት። በወጣትነቱ ጠራጊ ሊሆን ተቀጥሮ፣ ፈተናው ሳይደርስ ሥራውን ጥሎ የጠፋ ነው። ረጅሙን ጥቁር ባርኔጣና ባለ ሁለት ረድፍ ቁልፍ ኮቱን ግን አልጣለም። ሠርግ ላይ ለዕድል ይቆማል፤ ሲለምኑት ጣሪያ ላይም ይወጣል።

ኦትማር ዴትሌፍን ጠራው። ዴትሌፍ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ብረት የተንጠለጠለበትን ብሩሹን ወደ ጭስ ማውጫው ለቀቀ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳበው፣ ወረደና ስንጥቁን በጄሶ ደፈነው። ከዚያ ማኅተሙን በጥፍሩ ገሽልጦ ጣለው።

«ምድር ቤቱንስ አታየውም?» አለ ኦትማር፤ የጭስ ማውጫው ግርጌ፣ ጥላሸት የሚወጣበት ትንሽ የብረት በር እዚያ፣ ከቤቱ ወለል በታች፣ እንዳለ ያውቃል። በሩን የድንች ሣጥን ጋርዶታል።

«ምድር ቤት ምን ልሠራ? ጭስ ወደ ታች ሲሄድ አይተህ ታውቃለህ?»

ሁለቱም ከትከት ብለው ሳቁ። ኦትማር ቁልፉን ዳሰሰ፣ የዴትሌፍን እጅ ጨበጠ፤ መዳፉ ላይም ጥላሸት ያልተወበት ንጹሕ ጠራጊ በማግኘቱ ደስ አለው። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእንደዚህ ያለው ሰው ነው።

ለገና ልጁ ቪብከ መጣች። ነፍሰ ጡር ናት፤ ሆዷ ገፍቷል። ኦትማር ከምድጃው በላይ ያለውን ክፍል ሰጣት፤ የቤቱ ሙቀት ሁሉ ወደዚያ ይወጣልና። በማግስቱ ረፋድ ላይ ቪብከ ከአልጋዋ አልተነሣችም።

«አባዬ፣ ራሴን ሊፈልጠኝ ነው።»

«ጉንፋን ነው። ተኚ፣ እሳቱን እጨምርልሻለሁ።»

የእርሱም ራስ ከብዶት ነበር፤ እርሱ ግን የትናንቱን የፕለም አረቄ ከሰሰ። ማገዶ ጨመረ።

ሮስቪታ ወደ ጎረቤት ስታልፍ በኦትማር ጣሪያ ላይ የሚሞት ሰው እስትንፋስ የመሰለ ቀጭን ጭስ አየች። በሩን በጡጫ ደበደበች። ኦትማር በጠባቡ ከፍቶ መግቢያውን በትከሻው ጋረደ።

«ምድጃው እየነደደ ነው» አለች።

«በቤቴ!»

«ማኅተሙን ማን ፈታው?»

«ሙያ የሚያውቅ ሰው። ወንድ።»

«የሙያ ማረጋገጫውን አሳይቶዎታል?»

«ቁልፉን ዳስሻለሁ። ይበቃኛል።»

«እሺ፣ ሲጨርስ እጁ ጠቁሮ ነበር?»

ያ ንጹሕ መዳፍ ትዝ ሲለው ኦትማር በሩን ትንሽ ለቀቅ አደረገው።

«ቤት ውስጥ ራሱን ያመመው ሰው አለ?»

«ቪብከን... ጉንፋን ነው የያዛት።»

ሮስቪታ በሩን በእግሯ ገፍታ ገባች። ደረቷ ላይ የተንጠለጠለው የጋዝ መለኪያ ደፉን እንዳለፈች መጮኽ ጀመረ። ሽታ የሌለው፣ የማይታየው የከሰል መርዝ ቤቱን ሞልቶታል።

«ልጅዎን ያውጡ! መስኮቱን እኔ እከፍታለሁ!»

እውነቱን ለመናገር፣ ኦትማር በዚያች ቅጽበት እንኳ ሊከራከር ቃጥቶት ነበር። እልኽ ከአባትነት ቀድሞ ደረሰ፤ አባትነት ግን ከኋላው መጥቶ ረገጠው። ደረጃውን በአራት እግሩ ወጣው።

«ተወኝ አባዬ፣ ልተኛ...»

«አትተኚም! ተነሺ ብያለሁ!» በብርድ ልብስ ጠቅልሎ እየጎተተ በረዶው ላይ አወጣት። ሮስቪታ የጠራችው አምቡላንስ እስኪመጣ ድረስ ጉንጯን በጥፊ እየመታ፣ እየሰደበ፣ እያለቀሰ ያዛት። ሐኪሙ በኋላ የእናቲቱም የፅንሱም ልብ ደኅና እንደሚመታ ነገረው፤ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ እንዲህ አልልህም ነበር ሲልም ጨመረበት።

ከሆስፒታል ሲመለስ ሮስቪታ ምድር ቤቱ ደጃፍ ቆማ ጠበቀችው። የድንቹን ሣጥን እርሱ ራሱ ገፋው። የብረቱን በር ስትከፍተው የዴትሌፍ ብሩሽ ከላይ የጣለው ጥላሸትና የወፍ ጎጆ በጫማው ላይ ተዘረገፈ። የጭሱ መንገድ እስከ ምድጃው አፍ ድረስ ታፍኖ ኖሯል። ጄሶውም ከሙቀቱ የተነሣ ረግፏል።

«ዴትሌፍን እከሳለሁ» አለች። «እርስዎም ይመሰክራሉ።»

«መንደሩ ይስቅብኛል።»

«ይሳቅ።»

አላመሰገናትም፤ እርሷም አልጠበቀችም። ምድጃውን እንደገና አተመችና ሄደች። ኦትማር የገናን ሰሞን በብርድ ቤት ውስጥ ካፖርቱን ለብሶ አሳለፈ።

በአዲስ ዓመት ቀን ዴትሌፍ የመንደሩ መጠጥ ቤት ደጃፍ ላይ በባርኔጣውና በቁልፎቹ ተሽቀርቅሮ ቆመ። ሰዉ ሊዳስሰው ተሰለፈ። ኦትማር ሰልፉን ጥሶ የዴትሌፍን የእጅ አንጓ ያዘና መዳፉን ወደ ሕዝቡ ገለበጠው።

«እዩት! ልጄን ሊገድልብኝ የነበረው እጅ ይኼ ነው። እዩት፣ እንዴት እንደ ነጣ!»

«ኦትማር፣ ሰክረሃል እንዴ? ልቀቀኝ!» አለ ዴትሌፍ እየሳቀ።

ከተሰለፉት ጥቂቶቹ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። የቀሩት ግን ኦትማርን በክርናቸው ገፍተው አልፈው ቁልፉን ዳሰሱ።