ከፏፏቴው ሥር አልነሳም ያለው ልብስ ሰፊ

ታናሽ ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነበር። ሰፈሩ «መርፌው» ይለዋል፤ ቅጥነቱን ያየ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም። ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም። አንዴ ከነሜትሩ በሽተኛ ሊጠይቅ ሄዶ፣ ሰውየው ለከፈን ሊለካኝ መጣ ብሎ ከአልጋው ሊወድቅ ነበር።

እስከ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ላጤ ነው። ሴት ጠልቶ እንዳይመስላችሁ፤ ከጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ፍቅር ይዞት፣ መናገር አቅቶት ነው። እሷም አላገባችም። «ሲስተር» እያለ አንቱ ይላታል። ለአንድ ነጭ ገዋን ሰባት ጊዜ ለክቷታል። በሰባተኛው «እኔ እያደግሁ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀችበት። እሱ ላብ በላብ ሆኖ «እጅጌው ነው» አለ።

አንድ ቀን ሱቁ ብሄድ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እትዬ፣ ሲስተር ሰኞ ወደ ሌላ ከተማ ልትዛወር ነው።»

ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። «እንግዲያው እሁድ ፏፏቴው ጋ ወስደን እንሸኛታለን፤ መንገዱ ቀላል ነው፣ አሮጊትም ይሄደዋል» አለ። ያኔ አሮጊት ሲል ቀና ብዬ ሳቅሁ።

«እዚያ ካልነገርኳት አልቆልኛል» አለኝ ወንድሜ።

«ምን ልትላት ነው?»

«እሱን መንገድ ላይ አስብበታለሁ።»

ማሰቡን ትቶ ለአራታችንም የጉዞ ሱሪ ሊሰፋ ተቀመጠ። ልብስ ሰፊ የራሱን የሚሰፋው መጨረሻ ላይ ነው። የእኔን ጨረሰ፣ የባለቤቴን ጨረሰ፣ የእሷንማ ኪስ ውስጥ ሌላ ኪስ ሁሉ አስገባለት። የራሱን ግን የስፌት መኪና ላይ ሳያስገባው፣ በውስወሳ ብቻ፣ በዚያ ጨርቁን ለጊዜው አያይዞ በሚያቆይ ረጃጅም የእጅ ስፌት እንደያዘው ነጋ። ባለቤቴ ጥሩምባውን ሲነፋበት እሱኑ ለብሶ ወጣ። ለማንም ትንፍሽ አላለም።

ከመኪና ወርደን አንድ ሰዓት ተኩል ብንሄድ ነው። ፏፏቴው አጠገብ ካለው ጥቁር አለት ጋ ደረስን። ድሮ ከመሬት ሆድ የፈላ እሳት ወጥቶ፣ ሲቀዘቅዝ እንዲያ ተሰነጣጠቀ አሉ። ምሰሶው በምሰሶ ላይ ተጠግቶ፣ ሱቅ ውስጥ እንደቆመ የጨርቅ ጣቃ ተደርድሯል። ወንድሜ ሜትሩን አውጥቶ አንዱን ለካው።

«ስድስት ጎን! እንዲህ አስተካክሎ የቆረጠው ማን ነው?»

«አማቼ፣ ኮት ልትሰፋለት ነው?» አለው ባለቤቴ።

ወደ ውሃው ለመድረስ የተሰባበሩትን ምሰሶዎች እንደ ደረጃ መውጣት አለ። ወንድሜ ቀድሞ፣ ለሲስተር እጁን ሊሰጥ እግሩን ከፍ አደረገ። ጥርርር የሚል ነገር ሰማሁ፤ ወፍ መስሎኝ ሽቅብ አየሁ። እሱ ወዲያው ዘጭ ብሎ ቁጭ አለ።

ቁጭ አለ ስላችሁ፣ ቀረ። ከፊታችን ፏፏቴው ነጭ ሆኖ ይወርዳል፣ ፍንጣቂው ያለብሰዋል። እኛ ዳቦና እንቁላል በላን፣ እሱ አልተነሳም።

«ና ወደዚህ፣ በስብሰሃል!» አልኩት።

«ተመችቶኛል» አለ ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

«ድንጋዩ ላይ በቀለ እንዴ?» አለ ባለቤቴ።

ሲስተር ቦርሳዋን ይዛ ሄደችበት።

«እግርህን ነው?»

«አይደለም ሲስተር።»

«ወገብህን?»

«ትንሽ... ዝቅ ይላል።»

«አትፈር፣ ስንቱን አዋልጃለሁ፣ የማላየው ነገር የለም።»

ብርዱም ሀፍረቱም አንድ ላይ ሆኑበት መሰለኝ፣ «ሲስተር፣ ያግቡኝ!» ብሎ ጮኸ።

እኔ እንቁላሉ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

«ይህን ነው ቁጭ ብለህ የምትጠይቀኝ? ተነስና እንደ ሰው ጠይቀኝ!»

«አልችልም።»

«ለእኔ ብድግ ማለት የሚከብደው ባል ምን ያደርግልኛል?» ብላ ቦርሳዋን አንስታ ዞረች።

ሦስት እርምጃ ሄደች። አራት። ያኔ ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ ተነሳ። የሱሪው አንድ እግር ድንጋዩ ላይ ቀረ፤ ደግነቱ ሸሚዙ ረጅም ነበር። «ያግቡኝ» አለ እንደገና፣ በቀጭን ድምፅ።

ሲስተር በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ ወደ እኛ ጮኸች፦ «እናንተ ወደዚያ ዙሩ!» ቁስል የምትሰፋበትን መርፌና ክር አውጥታ፣ እዚያው እንደቆመ ትሰፋው ጀመር።

«ሲስተር፣ ስፌቱ ትንሽ ራቅ ራቅ ብሏል።»

«ዝም በል! ምጥ ላይ ያለች እንኳ እንዲህ አታስቸግረኝም።»

«እሺ ብላለች ወይስ አላለችም?» አለ ባለቤቴ ጀርባውን እንደሰጠ።

«ሥራ ላይ ነኝ!»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ጆሮዬ ያኔ ደህና ነበር። «የምሄድበት ከተማ ልብስ ሰፊ የለም አሉኝ። የስፌት መኪናህ ከባድ ነው?»

ሰኞ ሁለቱንም የባለቤቴ መኪና ላይ ጫንናቸው። እኔ መንገድ ዳር ቆሜ እጄን ሳወዛውዝ፣ ወንድሜ ከላይ የስፌት መኪናውን አቅፎ እሷን ያያል። ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። ተቀየምኩት፤ ሁለት ቀን ያህል።