ሐረጎ ላይ የፈታሁት ሻሽ

ትናንት ከሚሴ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ እየጠጣሁ አንድ ወጣት መኪናውን አስነስቶ ሲፈተለክ ተርቦው አፏጨ። ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ምን ላድርግ፣ ይህን ፉጨት ከሰማሁ መቀመጥ አይሆንልኝም።

በንጉሡ ጊዜ፣ ገና ወጣት ሳለሁ፣ የእህቴ የዘይነባ ባል ሰይድ አሮጌ የጣልያን የጭነት መኪና ነበረው፤ ሹፌሩ እኔ ነበርኩ። አሰብ መንገድ ላይ ከተገለበጠ ሌላ መኪና ተርቦ አስነቅሎ አስገጠመለት። ተርቦ ለሞተሩ አየር በግድ የሚያጎርስ ነገር ነው፤ ያኔ በእኛ አገር ማን ያውቀዋል? መካኒኩ ኮፈኑ ውስጥ ቦታ ቢያጣ የአየር መሳቢያውን ቱቦ አውጥቶ ከጋቢናው ጎን ሽቅብ አቆመው። ዳገት ላይ ስናፏጭ የጨፋ ገበሬ ማሽላ አጨዳውን ትቶ ያየን ነበር። እናቴ ይህ አላማራትም፤ "ዓይን ይበላችኋል" ትላለች።

በዚያው የአጨዳ ወቅት ዘይነባን ምጥ ያዛት፤ ልጁ አልወጣ አለ። ጎረቤት ለወዳጃ ተሰብስቦ ዱዓ አደረገላት። አዋላጇ ግን "ቶሎ ደሴ አድርሷት" አለች። ከኋላ፣ ጭነት በሚጫንበት ካሶኒ ላይ ጭድ ጎዝጉዘን አስተኛናት፤ እናቴ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ሰይድ ከእኔ ጋር ጋቢና ገባ።

መኪናው ገና ከመነሻው ከበደኝ። ኮምቦልቻን አልፈን የሐረጎን ዳገት ስንጀምር ጭራሽ ጥቁር ጭስ እየተፋ ቆመ። የእህቴ ጩኸት ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

"ይሄ የተረገመ ተርቦ ነው! ንቀለው!" አለ ሰይድ።

"ቆይ እስቲ፣ ተረጋጋ እንጂ!" አልኩትና ኮፈኑን ከፈትኩ። የናፍታ ማጣሪያውን ፈታሁ፤ ንጹሕ ነው። የቱቦዎቹን ማሰሪያ ነካካሁ፤ ጠብቀዋል። ጥቁር ጭስ ማለት ናፍታው በዝቶ አየር አንሷል ማለት ነው። አየር! ቀና ብል የቱቦው አፍ በሻሽ ታስሯል፤ አቧራና ገለባ ተለጥፎበት ድርቅ ብሏል። ለካ እናቴ ወዳጃው ላይ ዱዓ አስደርጋበት ስንነሳ ያሰረችው ነው።

ልፈታው ስንጠለጠል አየችኝ።

"አንተየ፣ ኢልመኮ፣ ልጄ! እሱን አትንካ፣ ዱዓ ያለበት ነው!"

"እማየ፣ ሞተሩ እኮ መተንፈሻ አጣ!"

"ከዓይን የሚጠብቀን እሱ ነው። ምነው ዛሬ? በዛሬ ቀን ትፈታዋለህ?"

ፈታሁት። እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። መኪናው አፏጭቶ ዳገቱን ወጣ።

ዘይነባ ዳነች፣ አልሐምዱሊላህ። ልጁ ግን ሞቶ ተወለደ።

እናቴ "ሻሹ ባይፈታ ኖሮ" ብላ እንደምታስብ አውቅ ነበር፤ ዓይኗ ይነግረኛል። እኔም በሆዴ "ባይታሰር ኖሮ" እል ነበር። እሷም ለእኔ አዝና፣ እኔም ለእሷ አዝኜ፣ እስክትሞት ድረስ አንዳችንም አላነሳነውም። ሰው ይህን ሲሰማ ደግ አደረጋችሁ ይለኛል። የታባቱ ደግነት ነው! እኔን ዛሬም ያንገበግበኛል። ምነው አንድ ቀን እንኳ ተጣልተን፣ ተላቅሰን በወጣልን።