ኃጢአት ያጣች ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊዋ ባልንጀራዬ ድሮም ፈሪ ናት። ጨርቅ ከመቁረጧ በፊት ደጋግማ ትለካለች፤ መቀሱን ታነሳለች፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች። «ኧረ ቁረጪው፣ ጨርቅ አይጮህም!» እላታለሁ። የተረፈችውን ቁራጭ ሳይቀር በመርፌ ቁልፍ አያይዛ ከልብሱ ጋር ለባለቤቱ ትመልሳለች።

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በጸሎት ቡድናችን መሪ ሳሎን እንሰበሰባለን። የባልንጀራዬ ደንበኞችም እኛው ነን። መሪያችን ያወጣችው ደንብ አለ፤ እያንዳንዷ ተራዋ ሲደርስ የደበቀችውን ኃጢአት ትናገራለች። «የለኝም» ያለች ልቧ የደነደነ ትዕቢተኛ ናት፤ እስክትናዘዝ ማንም ሰላም አይላትም። የባልንጀራዬን ወንድም ሚስት እንዲህ አድርገናት ሰፈር ለቃ ሄዳለች። እኔ ሁልጊዜ ሐሜት እላለሁ። እውነትም ስለሆነ አልቸገርም።

ባለፈው ሳምንት ተራው የባልንጀራዬ ነበር። ሰኞ ሱቋ ስገባ ፊቷ አመድ መስሏል።

«የምናገረው አጣሁ፤ እንቅልፍም አጣሁ» አለችኝ።

«ሐሜት በያ!»

«ማን ያምነኛል? እሱ ያንቺ ነው። እኔን ምን ይዋጠኝ?»

ሳቄ መጣ። እሷ ግን መርፌው ውስጥ ክር ማስገባት አቃታት፤ ሳቄን ዋጥኩት።

ሐሙስ የሁላችንም ዓይን እሷ ላይ ሲያርፍ፣ «ከጨርቃችሁ እየቀነስኩ ወስጃለሁ» አለች። መሪያችን «እግዚአብሔር ይመስገን!» ብላ አቀፈቻት። በነጋታው ግን ደንበኞቿ አንድ በአንድ መጥተው ጨርቃቸውን ወሰዱ። ቀድማ የመጣችው መሪያችን ናት።

እኔ መጨረሻ ላይ ሄድኩ። መደርደሪያው ባዶ ነው።

«ውሸትሽን ነው አይደል? ለእኔ ብቻ ንገሪኝ» አልኳት።

መቀሱን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

«እግዚአብሔር እኮ እውነቱን ያውቃል» አልኳት።

«እሱ መች አስፈራኝ!» አለች በሹክሹክታ።

ይህን ጊዜ በመስኮቱ አጠገብ ሁለት የቡድናችን ሴቶች አለፉ። ባልንጀራዬ ደንግጣ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘች።

«ካንቺም ወስጃለሁ!» አለች፣ ውጭ ድረስ እንዲሰማ ጮክ ብላ። እጄን ግን አልለቀቀችም።