ከአክስቴ ጋር እንግሊዝኛ የተማርንበት ክረምት

ባለፈው ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያናችንን ዕቃ ቤት ስናጸዳ ጀርባው የተንዘረጠጠ አሮጌ ቴሌቪዥን አገኘን። ከመጣሉ በፊት ይሠራ እንደሆነ ልየው ብዬ ሰካሁት። ጭው ብሎ ሲበራ ክንዴን ወደ መስታወቱ አስጠጋሁ፤ የክንዴ ፀጉር ተነሥቶ ቆመ፤ የሞቀ አቧራ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። አብረውኝ ያሉት «ይጣል ወይስ ይቀመጥ?» ይሉኛል፣ እኔ ብቻዬን እስቃለሁ። ለነሱ ያልነገርኳቸውን ለእናንተ ልንገራችሁ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ እህት፣ ገና ሃያ ሞልቷት ነበር። ሁለታችን ከሆሳዕና ተነሥተን፣ ቀድማን ወደ መጣችው እናቴ ዘንድ አሜሪካ፣ ሲያትል የገባነው በሰኔ ነው። ቤታችን ቢከን ሂል የሚባል ሰፈር፣ ምድር ቤት ያለች ሁለት ክፍል ነበረች። እናቴ ኦበርን ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ታሽግ ስለነበር ገና ሳይነጋ ትወጣለች፤ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ እንቅልፍ ይጥላታል። ለኛ የሰጠችን ትእዛዝ አንድ ብቻ ነበር። «ሶ፣ ስኩል እስኪከፈት ቲቪውን ኦን አድርጉና ሊስን አድርጉ። እንግሊዝኛ በጆሮ ነው የሚገባው፣ ኦኬ?»

እኛም ታዘዝን። ችግሩ ቴሌቪዥኑ አንድም ጣቢያ አይስብም። ሥሩ የካሴት ማጫወቻ፣ አጠገቡ ደግሞ ከኛ በፊት የነበሩት ተከራዮች ትተውት የሄዱት አንድ ካርቶን ሙሉ የቪዲዮ ካሴት ነበር። እናቴ ምን እንዳለበት አይታው አታውቅም፤ መቼ ጊዜ ኖሯት!

የመጀመሪያውን ካሴት ስናስገባ የካርቱን ፊልም ሆነ። ሁለት ሴቶች፣ አንዷ ፀጉሯ ሰማያዊ፣ አንዷ ቀይ፣ ሾርባ ቤት ውስጥ ያስተናግዳሉ። ድንገት ከሰማይ የሕንፃ ቁመት ያለው የብረት ጭራቅ ይወርዳል። ሴቶቹ ሽርጣቸውን ወርውረው በአየር ላይ ይሽከረከራሉ፤ ሲያርፉ ልብሳቸው ከመሐረብ አይበልጥም። ሰማያዊዋ ባቡር ከሐዲዱ ነቅላ እንደ ዱላ ትወረውራለች፤ ቀይዋ ከተናደደች ከጣቶቿ መብረቅ ይወጣል፣ ካስነጠሰች ደግሞ ሰፈር ይፈርሳል። ጭራቁን ድል ያደርጉታል፣ ከተማዋን ግን ከጭራቁ ይበልጥ የሚያወድሟት እነሱ ናቸው። አሠሪያቸው በፍርስራሹ መሀል ጭልፋ ይዞ ያለቅሳል።

«በኢየሱስ ስም! ዝጊው!» አለች አክስቴ። ልትዘጋው ስትነሣ ሰማያዊዋ አንዱን ሌባ እያባረረች «ማቴ! ማቴ!» ብላ ጮኸች። አክስቴ እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ቆይ፣ ማቴ አለች?»

«አዎ፣ ማቴ አለች።»

«ማቴዎስን ነዋ የምትጠራው! የወንጌል ስም ነው። እንግዲያው ክፋቱ ልብሳቸው ላይ እንጂ ልባቸው ላይ አይደለም።» ብላ ተመልሳ ተቀመጠች።

እኔ አገር ቤት ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ስለነበር ትንሽ ተጠራጥሬ ነበር። አስተማሪዬ ያስተማረችን እንግሊዝኛ እንዲህ አይልም አልኩ። «የሷ የሆሳዕና እንግሊዝኛ ነው፤ ይሄ የባለቤቶቹ ነው» አለችኝ። በመስታወቱ ላይ የሚያልፈው ፊደልስ? «እሱ የእጅ ጽሑፍ ነው፣ ተያይዞ የሚጻፈው።» ከሁሉ በላይ ያሳመነን ግን ቀይዋ በነገር መሀል «ሶ» ማለቷ ነው። ሶ፣ ሶ፣ ሶ! «ሰማሽ? እናትሽም እንዲሁ ነው የምትለው!» ብላ አክስቴ አጨበጨበች። ከዚያ በኋላ ማን ይጠራጠራል?

ያን ክረምት ሙሉ ተማርን። አክስቴ ካሴቱን ታቆማለች፣ ትመልሳለች፣ እኔ ሶፋው ላይ ቆሜ አጠናለሁ። ማቴ የሰው ስም አለመሆኑን የደረስኩበት እኔ ነኝ። «የሚሸሸው ሁሉ እንዴት ማቴ ይባላል?» ስላት ትንሽ አሰበችና «ቁም ማለት ነዋ!» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። ከጭራቁ ጋር ሊገጥሙ ሲሉ ደረታቸውን መትተው የሚሏትን «ካኩጎ ሺሮ!»ንም አጠናን። እሷን እንኳ እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን ማለት ነው ብለን ተስማምተን ነበር።

ነገሩ ለኔ ጨዋታ ነበር፣ ለአክስቴ ግን የሞት ሽረት። ከመጣን ጀምሮ፣ እሑድ በሰው መኪና ቤተ ክርስቲያን ከመሄድ በቀር፣ ከደጅ ወጥታ አታውቅም። ፖስታ የሚያድለው ሰውዬ አንድ ቀን ሰላም ሲላት በሩን ዘጋችበትና በጀርባዋ ደገፈችው። ሲጠይቋት «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ትላለች። ለእናቴ ግን እያለቀሰች «እዚህ ቤት ውስጥ እንደተዘጋብኝ ላረጅ ነው» ስትላት ሰምቻለሁ። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የኔ ብቻ ስለሆነች ደልቶኝ ነበር።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ክትባት መከተብ ነበረብኝ። በመኪና ልትወስደን የነበረች የቤተ ክርስቲያን ሰው ጠዋት ላይ ደውላ መኪናዋ እንደተበላሸ ነገረችን። እናቴ ሥራ ላይ ናት። ሳልከተብ ደግሞ ትምህርት ቤት አያስገቡኝም። አክስቴ ጸለየች፣ ውኃ ጠጣች፣ እንደገና ጸለየች። ከዚያ ካሴቱን አስገብታ ሁለቱ ሴቶች ጭራቁን ሲጥሉት አየችና «ተነሺ» አለችኝ።

ማቆሚያው ጋ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን አውቶቡሱ ተነሣ። አክስቴ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰበሰበች፣ ሌላውን እጇን ወደ ላይ አንሥታ ሮጠች። «ማቴ! ማቴ! ማቴ!» ድምፅዋ ዳገቱን ሞላው። እንዲህ የሚጮህ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። ሹፌሩ ዝም ብሎ ሊሄድ ነበር፤ ከኋላ መስኮት በኩል ግን አንዲት ነጭ ባርኔጣ ያደረጉ አሮጊት ዓይናቸው ፈጠጠ። ብድግ ብለው ሹፌሩ ላይ ጮኹበት። አውቶቡሱ ቆመ።

እንደገባን አሮጊቷ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ለአክስቴ ረጅም ነገር ተናገሩ። አክስቴ ፊቷ በራ። «ሶ!» አለች። አሮጊቷ ይበልጥ ደስ ብሏቸው ቀጠሉ። አክስቴም በተራዋ በምታውቀው ትልቅ ቃል ልትመርቃቸው ፈለገች፤ ደረቷን መታችና ባለ በሌለ ድምፅዋ «ካኩጎ ሺሮ!» አለቻቸው። በኋላ ራሳቸው እንደነገሩን፣ ትርጉሙ «ተዘጋጂ፣ አለቀልሽ!» ማለት ነው። አሮጊቷ ሆዳቸውን ይዘው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «አየሽ? ገባቸው!» አለችኝ አክስቴ። ያን ፊቷን ዛሬም ሳስታውሰው ደስ ይለኛል።

አሮጊቷ የቀጠሮ ወረቀታችንን አይተው፣ አብረውን ወርደው ክሊኒኩ ድረስ አደረሱን። ነርሷ ጎንበስ ብላ «ዋት ኢዝ ዩር ኔም?» አለችኝ። ይሄንንማ አውቀዋለሁ! ስሜን ነገርኳት።

«ምን አለችሽ?» አለች አክስቴ በሹክሹክታ።

«ስምሽ ማን ነው አለችኝ።»

«በምን?»

«በእንግሊዝኛ።»

አክስቴ ነርሷን አየች፣ አሮጊቷን አየች፣ ወደኔ ዞረች። «ታዲያ እኛ የምናወራው ምንድን ነው?»

መልሱን ማታ እናቴ ነገረችን። ካሴቱን ለአፍታ ሰምታ በሳቅ ሶፋው ላይ ተዘረረች። «ጃፓንኛ እኮ ነው! ሰመሩን ሙሉ ጃፓንኛ ስተዲ ስታደርጉ ነበር?» እኔም ሳቅሁ። አክስቴ ግን ሳትስቅ ገብታ ተኛች። በቃ፣ ከእንግዲህ ከቤት የሚያወጣት የለም ብዬ ፈራሁ፤ ትንሽ ደግሞ፣ ምን ልዋሻችሁ፣ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ እናቴ አልተነሣችም። አክስቴ የእሑድ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ጠቅልላ፣ ጫማዋን ስታደርግ ደረስኩባት።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«አሮጊቷ ትናንት ስንመለስ ቤታቸውን አሳይተውኝ የለ? እንግሊዝኛም ያውቃሉ። ያስተምሩኛል።» ቀና ስትል ዓይኖቿ ይስቁ ነበር። «በማላውቀው ቋንቋ አውቶቡስ ካስቆምኩ፣ ያወቅሁት ዕለትማ ማን ይችለኛል?»

ዛሬ ስካይዌይ የሚባል ሰፈር የራሷ ሱቅ አላት፤ ከደንበኛም ከዕቃ አቅራቢም ጋር ስትከራከር የሚረታት የለም። ያን ጠዋት ግን እኔ ይሄን አላውቅም። «እኔም ልምጣ» ብዬ ቀሚሷን ያዝኩ። እጄን ቀስ ብላ አላቀቀችው። «አንቺ ትምህርት ቤት ስትገቢ ማን ይዞኝ ይዞራል የኔ እናት? ዛሬ ብቻዬን ልልመደው።»

በመስኮቱ በኩል የሚታየው የሰው እግር ብቻ ስለነበር፣ እግሯ ቶሎ ቶሎ እየረገጠ ሲያልፍ አየሁት። ደስ ብሎኝ ነበር፣ የእውነቴን ነው። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ካሴቱን ከፈትኩ። ቀይዋ አስነጠሰች፣ ሰፈሩ ተናደ፣ ሰውዬው ጭልፋውን ይዞ ማልቀስ ጀመረ። እኔም አክስቴ ስትስቅ ላያት ወደ ጎኔ ዞርኩ።